መጋዘናችንና ዘመዶቹ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ገበያውም አይከፋም።

«መጋዘን» ስለሚለው ቃል የጻፍከውን ለአባባ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት፤ ራሱ ሊያነብ ሲሞክር ወረቀቱን ገልብጦ ነበር የያዘው። ቃሉ ከዐረቦች ማከማቻ ተነሥቶ ለፈረንሳዮች ሱቅ፣ ለእንግሊዞች መጽሔት መሆኑን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «እነሱ የሚሸጡበትንና የሚያነቡትን እኛ ሃያ ዓመት ቆልፈን ኖረናላ፣ ልጄ!» አለ። በማስታወሻ ደብተሬ አሰፈርኩት።

ጆንያዎቹ ላይ ዛሬም በከሰል ምልክት የሚያደርገው እሱ ነው። ድሮ ጣት የምታህል ጭረት ነበረች፤ አሁን ፊደሎቹ መዳፍ ያህላሉ። ምስሩን ከሽምብራው በመዳሰስ ይለያል፤ እስካሁን አልተሳሳተም። እኔም ከበሩ እስከ ወንበሩ ገመድ ወጥሬያለሁ። «የልብስ ማስጫ ነው» አልኩት፤ እሱም ያመነኝ መስሎ ገመዱን ይዞ ይሄዳል። የዓይን ሐኪሙ ለሚቀጥለው ወር ቀጥሮናል፤ «በጊዜ መጥታችኋል» ብሎናል፤ እጁም የተመሰከረለት ነው።

ፎቶግራፍ እልካለሁ ያልከውን ተወው። ከቀጠሮው በፊት ራስህ ና። አባባ «ጢም አብቅሏል እንዴ?» እያለ ይጠይቃል፤ እኔ ብነግረው አይረካም፤ ራሱ ይይህ።

በደህና ያገናኘን።

የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ፣ እህትህ