ኮምፒውተር ውስጥ ስለታሰረው የሽማግሌ ኩንዱ የሕይወት ታሪክ

ለክቡር ሚስተር ኤድዊን ሙኩዋና
የናሙኒ ገበያ ዲጂታል ማዕከል ዳይሬክተር
ባሉበት (ያሉበት በታወቀ ጊዜ)

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በናይቫሻ ሐይቅ ዳር የሰነበቱበት ዎርክሾፕ እንደተስማማዎት፣ የሐይቁ ዓሣም እንደጣመዎት፣ ባለቤትዎና ልጆችዎም በሙሉ ጤና እንደሚገኙ ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ጤናዎ እንደ ማዕከሉ መብራት ሳይሆን ሳይቆራረጥ የሚዘልቅ ይሁንልዎት። እኔ ክሪስፒኑስ ሙሩንጋ፣ እርስዎን ጨምሮ የዚህን ገበያ ሰው ግማሹን ፊደል ያስቆጠርኩና እስከዛሬም ሁሉም «ምዋሊሙ» እያለ የሚጠራኝ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ደህና ነኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ቀነስ ማለቱን የማነሣው ለማማረር ሳይሆን፣ የእርስዎን ውድ ጊዜ የምሻማበት ምክንያት እንዳለኝ ለማስረዳት ብቻ ነው።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ሹሙን፣ ፓስተሩንና የሴቶች ማኅበሩን ጠርተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ የማዕከሉን አሮጌ ኮምፒውተሮች በሙሉ ሊኑክስ ወደሚባለው አዲስ ሲስተም ባዛወሩበት ዕለት ያደረጉት ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። ነፃ ነው አሉ። ቫይረስ አይነካውም አሉ። «ከእንግዲህ ማንም አያስራችሁም» ሲሉማ እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ነጥቦች የአንድ አጨብጫቢ ነጥቦች ተደርገው እንዲታዩልኝ እለምናለሁ።

ዎርክሾፕ ላይ ስለነበሩ ዝርዝሩን አልሰሙ ይሆናልና በመጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ሽማግሌው ኩንዱ አርፈዋል። እንደሚያውቁት ሁለት ቤት ነበራቸው፤ ታላቂቱ ሚስት ማማ ናሊያካ ከወንዙ በላይ፣ ታናሺቱ ማማ ካካሳ ከወንዙ በታች። እግርና እጃቸው ከከዳቸው ወዲህ የኖሩት በካካሳ ቤት ነው፤ ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ አጥሚት በማንኪያ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። በልማዳችን ግን ሰው የሚቀበረው በታላቂቱ ግቢ ስለሆነ ጉድ ፈላ። ሁለቱ ቤቶች ደም ሊቃቡ ደርሰው፣ በዚህ አካባቢ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ፣ መሐል አስቀመጡኝ። በመጨረሻ ካካሳ፣ «መቃብሩን ውሰዱት» አለች። «ውሰዱት በቃ። ግን ያስታመምኩት እኔ መሆኔ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሕዝብ ፊት ይነበብ። ሌላ ምናችሁንም አልፈልግም።»

የናሊያካ ልጆች አጉረመረሙ፣ ተነሥተው ወጡ፣ ተመለሱ፣ እሺ አሉ። ከዚያ በማዕከልዎ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለቱም ወገን ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ በእያንዳንዱ ቃል እየተከራከረ፣ ጻፍነው። አንድም ቃል እንዳይጨመር፣ አንድም እንዳይቀነስ፣ ከታተመው ወረቀት ውጭ ያለ ነገርም ድንኳኑ ውስጥ እንዳይነበብ ተማማልን። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር።

አንደኛ፤ ስለ ፕሪንተሩ። በአሮጌው ሲስተም ዘመን ይህ ፕሪንተር ጎኑን መታ መታ ሲያደርጉት ያትም ነበር። አዲሱ ሲስተም ግን ስንት ዓመት አጠገቡ የኖረውን ፕሪንተር ጭራሽ አላውቀውም አለኝ። የእርዳታ ጠረጴዛዎ ላይ «ራስህን እርዳ፤ ማኅበረሰቡን ጠይቅ» የሚል ያማረ ጽሑፍ ተለጥፏል። ከጽሑፉ በስተኋላ የተቀመጠ ሰው ስለሌለ፣ በታዘዝኩት መሠረት በስልኬ ማኅበረሰቡን ጠየቅሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ማኅበረሰቡ። የዓለም ሊቃውንት በሚሰበሰቡበት በዚያ የኢንተርኔት መድረክ አንዱ፣ ጥያቄዬ ከብዙ ዓመት በፊት እንደተመለሰ ገልጾ ፈልጌ እንዳነብ መከረኝ፤ ሁለተኛው ማዕከልዎ የመረጠው የሊኑክስ ዓይነት የሕፃናት መጫወቻ ስለሆነ ነቅዬ ሌላ እንድጭን አዘዘኝ፤ ሦስተኛው ተነሥቶ ሁለተኛውን ሰደበው። ሁለት ቤት ማስታረቅ ሥራዬ ነውና ሁለቱን ላስማማ ጣልቃ ብገባ፣ የመድረኩ አስተናባሪ ከርዕስ ወጥተሃል ብሎ ውይይቱን ዘጋው። እግዚአብሔር ይስጠውና አንድ ደግ ሰው ለብቻዬ አንዲት መስመር ትእዛዝ ላከልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈቃድ። መስመሯን ብጽፋት ኮምፒውተሩ «ፈቃድ የለህም» አለኝ። ደጉ ሰው ከትእዛዙ በፊት «ሱዶ» የምትል ቃል እንዳስቀድም፣ ትርጉሙም «በማሽኑ ላይ በሠለጠነው በበላዩ ስም ይፈጸም» ማለት እንደሆነ አስረዳኝ። ይህንንማ ለእኛ ማስረዳት ያስፈልጋል እንዴ! ላም ለመሸጥ፣ ድንኳን ለመትከል፣ አጥር ለመጠገን የሹሙን ስም ሳናስቀድም ምን ሠርተን እናውቃለን? ስለዚህ እንደ ወጉ ቃሏን ከሁሉ ነገር በፊት አስቀደምኳት፤ ፕሪንተሩን ሳስገባ፣ መጻፊያውን ስከፍት፣ የሕይወት ታሪኩን ሳስቀምጥ፣ አልፎ ተርፎም ምንም ባልጠየቀኝ ቦታ ሁሉ። ትሕትና መስሎኝ ነው። የይለፍ ቃል ሲጠይቀኝ ደግሞ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ ነጥብ እንኳ ስለማይታይ ኪቦርዱ የሞተ መስሎኝ ከሁለት ጠረጴዛ ኪቦርድ ነቅዬ አመጣሁ። ለካስ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ሁሉን እየሰማ ዝም ብሎኝ ኖሯል። በመጨረሻ ፕሪንተሩ አንዲት ባለቀለም የሙከራ ገጽ አወጣ፤ እልል ልል ስል መብራት ሄደ።

አራተኛ፤ ስለ በሩ። በማግስቱ መብራት ሲመጣ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ተሳስተሃል አላለኝም። ስክሪኑ ጨለመ፣ የሚከፈት መሰለ፣ ከዚያ ዞሮ የይለፍ ቃል ወደሚጠየቅበት በር መለሰኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ በአክብሮት መለሰኝ። ሐሰተኛ ነህ ብሎ ቢያባርረኝ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፤ ትክክል ነህ እያለ ደጅ የሚያስጠናኝን ምን ላድርገው? በግራዬ ካካሳ፣ በቀኜ የናሊያካ የበኩር ልጅ ዋሲኬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ወጥቼ እንዳልሄድ እነሱ አሉ፤ እንዳልገባ ማሽኑ አለ። «ምዋሊሙ፣ ወረቀቱ እውስጥ ነው?» አለችኝ ካካሳ። እውስጥ ነው አልኳት። «እና አንተ ለምን ውጪ ቀረህ?» አለችኝ።

ደጉ ሰው ባሳየኝ ሌላ መንገድ፣ ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት ጥቁር ስክሪን በኩል ገባሁ። የፋይሉ ስም አለ፣ ኩንዱ ይላል። የባለቤቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን የእኔ ስም የለም፤ የበላዩ ነው። በስሙ ያደረግሁት ሁሉ ንብረቱ ሆኗል፤ ወደ ራሴ ገጽ የምገባበት ትንሽ የቁልፍ ፋይል ጭምር፤ በሩ ደጋግሞ የመለሰኝም ለዚህ ኖሯል። ልክፈት ብል «ፈቃድ የለህም»።

አምስተኛ፤ ማዕከሉ ውስጥ ፍላሽ ማስገባት በቫይረስ ምክንያት ክልክል ነው፤ ቫይረስ በማይነካው ሲስተም ላይ። ስለዚህ ቅጂ አልነበረኝም።

ስድስተኛ፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ። በበላዩ ስም እንደገና ከመንካቴ በፊት ልጠይቅዎ ብደውል ስልክዎን ስላላነሡ ነገሩን ሁሉ፣ ቀብሩ ቅዳሜ መሆኑን ሳይቀር፣ በጽሑፍ መልእክት ላክሁልዎ። ሻይ ሳይቀርብልኝ መልስዎ ደረሰ፤ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ። «ምዋሊሙ፣ ሱዶ አደገኛ ነው። ከዚህ ሆኜ በኔትወርክ ገብቼ ፈቃዱን አንሥቼብዎታለሁ። አሁን ሲስተሙ ደህና ነው። ሰኞ እናየዋለን። አያስቡ፣ ይስተካከላል።» ቤቱ ሲቃጠል መጥተው በሩን ስለቆለፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመልእክትዎ ውስጥ እኔ የያዝኩት ግን የመጨረሻዋን ቃል ነበር። ዓርብ ዕለት፣ ሬሳውን ሆስፒታል በስሟ ያስቀመጠችው ካካሳ፣ «ወረቀቱ ካልወጣ ሬሳውም ከሆስፒታል አይወጣም» ብላ ስትነሣ፣ ይስተካከላል ብለዋል፣ ለቅዳሜ ይደርሳል አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ቃል የምትሰጠኝ የራስህን ነው ወይስ የሰውዬውን?» አለችኝ። የራሴን ነው አልኳት። ሬሳውን ለቀቀች።

ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም። ቅዳሜ ድንኳኑ ሞልቶ፣ በሬ ታርዶ፣ ዋሲኬ ማይኩን ይዞ ሌሊት ስልኩ ላይ የጻፈውን አነበበ። «የማማ ናሊያካ ውድ ባል» አለ። «በቤተሰቡ ተከቦ በሰላም አረፈ» አለ። ካካሳ ከኋላ፣ ከዘመዶቿ መሐል ተቀምጣ፣ የእሷ ቦታ ገና የሚመጣ መስሏት ትጠብቅ ነበር። ሳጥኑ ሲነሣ እሷም ተነሣች። እኔም ተነሥቼ ልናገር ስል ዋሲኬ ማይኩን ሳይሰጠኝ በታላቅ ትሕትና፣ «ምዋሊሙ፣ ወረቀት ካለዎት ያንብቡ፤ ከሌለዎት ይቀመጡ። ሕጉ የራስዎ ነው» አለኝ። ሕጉ የራሴ ነበር። ተቀመጥኩ። አፈሩ ሲመለስ ካካሳ መቃብሩን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። አፈርኩ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ከአግዳሚው ላይ ተነሥቼ የምሄድበትም አልነበረኝም።

ሰኞ መጡ። የዎርክሾፑን ቦርሳ እንዳንጠለጠሉ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጡ፣ ሳይቀመጡ በአንድ እጅዎ አንዲት መስመር ጻፉና በሩ ተከፈተ። «ይቺ ናት እንዴ?» አሉኝ። «አንዲት መስመር እኮ ናት ምዋሊሙ! እዚያው ሆኜም እጨርሳት ነበር፤ አጥብቀው ቢነግሩኝ ኖሮ።» ፈቃዴን ከናይቫሻ ድረስ መጥቶ ያነሣው እጅዎ፣ ያቺን አንዲት መስመርም ከዚያው ሆኖ ሊጽፋት ይችል እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፕሪንተሩም ያለ አንዳች ዱላ ሁለት መቶውን ቅጂ ተፋው።

አንዱን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ካካሳ ደጇ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ወጣልን፣ ቁጭ በይ ላንብብልሽ አልኳት። ቀና እንኳ አላለችም። «ለእኔ ምን ታነብልኛለህ?» አለችኝ። «እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ። ለእነሱ አንብብላቸው።»

ይህ ደብዳቤ በፖስታ ታሽጎ ወደ ቢሮዎ በመላክ ፈንታ፣ የገበያው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በማዕከልዎ በር ላይ የተለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ቤቶች የተስማሙበት ዐረፍተ ነገር፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ እንዲህ ይላል፦ «አባታችን ኩንዱ ታመው ከተኙበት ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ እስትንፋሳቸው ያስታመሟቸው ባለቤታቸው ማማ ካካሳ ናቸው፤ ያረፉትም በእሳቸው እጅ ላይ ነው።» ማንበብ ለማይችል ሰው፣ በገበያ ቀን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ አነባለሁ።

ለሚቀጥለው ዎርክሾፕዎ መልካም መንገድ እየተመኘሁ፣ በሰጡኝ ፈቃድም ሆነ በነሱኝ ፈቃድ ዘወትር አክባሪዎ፣

ክሪስፒኑስ ሙሩንጋ
የቀድሞ አስተማሪዎ

ግልባጭ፦
ለሚስተር ዋሲኬ ኩንዱና ለወንድሞቹ፣ ከወንዙ በላይ
ለአካባቢው ሹም ጽሕፈት ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የታተመውን ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ምናልባት ስላላዩት ልጠቁምዎት፤ እንደ ልማዳችን የምስጋና ገጽ ነው። ሁለቱ ቤቶች አንዳችም ሳይጨቃጨቁ የተስማሙባት ብቸኛ ዐረፍተ ነገር እዚያ ላይ ናት፤ «ይህ ጽሑፍ በሰዓቱ ታትሞ በእጃችሁ እንዲገባ ላደረጉልን ለዲጂታል ማዕከሉ ዳይሬክተር፣ ለሚስተር ኤድዊን ሙኩዋና፣ ምስጋናችን የላቀ ነው» ትላለች። ላወጣት አስቤ ነበር፤ ግን አንድም ቃል እንዳይቀነስ ተማምለናል። ሁለት መቶውም ቅጂ ዛሬ ገበያ ላይ ይታደላል።