«ይመለሳል» ያላልኩበት ቀን

ተሾመዬ፣

የነፍስ አባታችን እንኳ ያልሰሙትን ልነግርህ ነው። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ አረሙን ነቅዬ፣ ምንም ሳልናገር እመለሳለሁ። ውጭ አገር ለውድድር እንዳትሄድ ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ዘይነባ አይደለችም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ተሽከርካሪ ወንበርህን ቀበሌው የተመዘገበ ንብረት ነው ብሎ ወሰደው። ትጫወቱበት የነበረውን የቡና ማስጫ ሲሚንቶም ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥረውታል። እኔ ማንበብና መጻፍ ለምጃለሁ። መሠረተ ትምህርት ሲሰጥ አንተን ማን ይጠብቃል ብዬ ቀርቼ ነበር። አንተ ካለፍክ በኋላ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ጋዜጣ በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ፤ ዛሬ መጽሐፍ ተውሼ እጨርሳለሁ።

ከምሥራቅ ግንባር ሁለት እግርህን አጥተህ ስትመጣ ዓመት ሙሉ ፊትህን አዙረህ ተኛህ። ከዚያ አንድ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ቡና በማይሰጣበት ወራት ሲሚንቶው ላይ የብረት ቀለበት ተክሎ፣ ወንዱንም ሴቱንም በተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ አስጀመራችሁ። ዘይነባን ያወቅናት ያኔ ነው። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ያሰለለባት፣ ሰኮሩ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት፤ ለልምምድ ስትመጣ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሠፈር አክስቷ ቤት ታርፍ ነበር። «አንተ ወታደር፣ ዘብ ነህ እንዴ? ኳሱ እኮ አለፈህ» ስትልህ እንባህ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። ቤት ውስጥ እንደዚያ ስቀህ አታውቅም።

ከሜዳው እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት፣ በዚያ ቀይ ጭቃ፣ የምገፋህ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን «ልቀቂኝ» ብለህ እስከ በራችን ብቻህን ወጣህ። ጎረቤት አጨበጨበልህ። ባዶ እጄን ስከተልህ ደስ አላለኝም።

ከብዙ አገር የተውጣጡ ወንዶችና ሴቶች የሚወዳደሩበት ጨዋታ አንድ ወዳጅ አገር ውስጥ ይደረጋል ተባለ፤ አንተም ዘይነባም ተመረጣችሁ። ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው መመለሱ ይጣራ ስለነበር የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ።

«ጓዲት፣ ባልሽ ሄዶ ይመለሳል?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «እንጃ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ሚስቱ አይደለሽም?»

ዝም አልኩ። ጸሐፊው የሚጽፈውን ጻፈ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ፤ ምን እንደተጻፈ ማንበብ አልችልም ነበር።

ፈርቼ ነው ብል ሁሉም ያምነኛል፤ ያኔ ያልፈራ ማን ነበር? ግን አልፈራሁም። እንደምትመለስ አውቅ ነበር። እኔን የማትፈልግ ሰው ሆነህ እንዳትመለስብኝ ነው ዝም ያልኩት።

ስምህ ተሰረዘ፤ ምክንያቱን የነገረህ የለም። የሚያጣሩት ሰዎች ዘይነባንም ስለ ቡድን ጓደኞቿ ጠይቀዋት፣ ይህንንም ራሷ ነግራህ ስለነበር «እሷ ናት ያጠፋችኝ» አልክ። ሠፈሩም አንተ ያልከውን ተቀበለ። እሷ ሄዳ ተጫውታ ስትመለስ፣ ጎማ ሲገፉ እጅ እንዳይላጥ የሚጠለቅ የቆዳ ጓንት አመጣችልህ። «ከበር መልሻት» አልከኝ። ወጣሁ። «ወላሂ እህቴ፣ ስሙን በክፉ አላነሳሁም፤ ንገሪልኝ» አለችኝ። በሩን ዘጋሁባት።

ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልወጣህም። ሳትንቀሳቀስ ስትውል ጀርባህ ቆሰለ፤ ቁስሉም አጥንትህ ድረስ ገባ። ስንት ወር አጠብኩት፤ አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም። መሞቻህ ሲቃረብ «ያቺን ልጅ ግን ምን በድያት ነው?» ብለህ ጠየቅከኝ። ጨርቁን ጨመቅኩና ውሃውን ልደፋ ወጣሁ።

ለቅሶህ ላይ ሴቶቹ ቦታ አልለቀቁላትም። ከድንኳኑ ውጭ ወንበሯ ላይ ሆና አለቀሰችልህ። እስከ ዛሬ ጅማ ስትመጣ እግር የሌለውን ወታደር የሸጠች ይሏታል፤ ልብስ የሚያሰፋትም ጠፍቷል። እኔን ደግሞ ባሏን ያስታመመች ሴት ይሉኛል።

አልረሳህም፣ ተሾመዬ። የማስታውስህ ግን ካደረግሁብህ ነገር ጋር ነው፤ ሁለቱን መለየት አልችልም፤ አልሞክርምም። ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም፤ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል።

ሐሙስ በአውቶቡስ ሰኮሩ እሄዳለሁ። ዘይነባ ቁርኣን በዐረብኛ ታነባለች እንጂ የአማርኛ ፊደል አልተማረችም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሰጥቻት መሸሽ የለም። ፊቷ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ። ከዚያ ለፈለገችው ሰው፣ በፈለገችው ቦታ እንድታስነብበው እጇ ላይ ትቼው እመጣለሁ። አናቱ ላይ የተጻፈው ያንተ ስም ነው፤ የምትረከበው ግን የሰኮሩዋ ልብስ ሰፊ ዘይነባ ናት።