ባንዲራው ላይ የሚሰፋው ስም

ልጃችን ቲና የትምህርት ቤቷ የእግር ኳስ ቡድን ካፒቴን ሆነች! ውይ፣ ከደስታዬ ብዛት ሰላምታውን ዘለልኩት፤ እንዴት ከርመሃል ኢሳይያስ? እኛ ለክፉ አንሰጥም።

ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ የየካፒቴኑ የአባት ስም አሮጌው ባንዲራ ላይ ይሰፋል፤ የሚሰፋውም ወላጅ ነው። እሷ ግን «ቲና ብቻ ይበቃል» ብላ አንጀቴን አሳረረችው! «አባትሽ እኮ ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄዶ ሥራ ይዞት ነው» ስላት፣ በስዊድንኛ አጉረምርማ በሯን ዘጋችብኝ። ስልክህም አይነሳ! የአዲስ አበባ ኔትወርክ እንዲህ ክረምቱን ሙሉ ይጠፋል? ለአሠልጣኟ «አባቷ ራሱ መጥቶ ይሰፋዋል» ብያታለሁ፤ እንዳታዋርደኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ እሳቸውንም ይዘህ ና።

ባለቤትህ አዜብ

ስሙ የሚሰፋበት ድግስ እዚሁ ሰፈራችን ሱንድቢበሪ፣ ሜዳው ላይ፣ የመስቀል ዕለት ቅዳሜ ነው፤ ሁለታችሁም መምጣት አለባችሁ!