የጾመኛው በሬ ቁጥር

ለክቡር አቶ የሺዋስ ምናለ
የሙቀት አማቂ ጋዝ ቆጠራ አቅም ግንባታ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለክብርዎ በሚገባ መጠን ጎንበስ ብዬ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቤተሰብዎ ደኅና ነው? መኪናዎ ደኅና ናት? ሆድዎስ እንዴት ከርሟል? ሆድዎን ለይቼ መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ የእርስዎ ሆድ ሲሞላ የፍጥረት ሁሉ ሆድ የሞላ እንደሚመስልዎ በዐይናችን ስላየን፣ የእርሱን ነገር መከታተል ለቁይ ከብቶች የሕይወት ጉዳይ ሆኖብናል። እግዚአብሔር አንድ ሦስት ቀን ብቻ ባዶ ያድርግልዎ ብዬ ብመርቅዎ ምርቃት ይሁን እርግማን ሊቃውንት ይፍቱት። እኛ፣ ክብር ለእርሱ ይሁንና፣ ደኅና ነን። አንድ ሟች ብቻ አለን። ቢሮዎ ደጅ ብጠና ብጠና ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለሆኑብኝ፣ ስለዚሁ ሟች በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እኔ በበዓል ቀን ከማኅሌት፣ በአዘቦት ቀን ከሞፈር የማልለይ ሰው ነኝ። ቦራ የሚባል አንድ በሬ አለኝ። ጎረቤቴ ሥራነሽ፣ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነበራት። አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ በሥልጠና ወረቀትዎ ላይ ተጽፎ እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ግን ሳንሠለጥን እናውቀዋለን። ስለዚህ ሁለት ባለ አንድ በሬ ቤቶች መቀናጆ ይገባሉ፤ በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ሞፈሩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ በአረምና በአጨዳ ደግሞ ሥራነሽ ለእኔ ቤት ሁለት ሰው ማለት ናት። እንዲህ ሆነን ስንኖር ማንም ማንንም አስቸግሮ አያውቅም ነበር፣ እርስዎ አቅማችንን ሊገነቡ እስኪመጡ ድረስ።

በጥር መጨረሻ ቁይ ገበያ ላይ ያደረጉት ንግግር አሁንም በጆሮዬ አለ። ሀገራችን የበሬዎቿ ሆድ ምን ያህል ጋዝ እንደሚያወጣ ለዓለም የምትናገረው ከፈረንጅ በሬ በተዋሰችው ቁጥር መሆኑን፣ ይህም ለነጻ ሀገር ነውር መሆኑን፣ ከእንግዲህ ግን በውጭ ረጂዎች ድጋፍ የራሳችን ልጆች ሠልጥነው የራሳችንን በሬ በራሳችን መሣሪያ እንደሚለኩ ነገሩን። እውነቴን ነው፣ ከልቤ አጨበጨብኩ። የራስን ከብት በሰው ከብት መለካት ማን ይወዳል? ሰማዩ ሲከፋ፣ ዝናቡ ሲዘገይ በመጀመሪያ የምንቀጣው እኛ ነንና፣ ነገሩ በትክክል ቢቆጠር ደስታችን ነው። ዳልቻን ለፎቶግራፍ ያምራል ብለው ሲመርጡትም ሥራነሽ እልል ብላ ሰጠችዎ። ደልቦ ይመለስልሻል ብለዋት ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለባህላችን ስላሳዩት አክብሮት። ልኬቱ የዋለው በጾመ ነነዌ ሳምንት ነበር። በእኛ ደብር በእነዚያ ሦስት ቀናት ከብት ሳይቀር ይጾማል፤ ማለትም እስከ ቀትር ከበረት አይወጣም፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ግን ወደ ሣሩና ወደ ውኃው ይለቀቃል። ይህን የነገረዎ በሬው ተዘግቶበት ጋዙ ለሚለካበት ድንኳን ጥበቃ የቀጠሩት አንሙት ነው፤ የነገረዎም ጠዋት ሣር እንዳይሰጠው ሲከለከል ከቀትር በኋላ በእጥፍ እንዲሰጠው ለማለት ነበር። እርስዎ ግን ቸኩለው ነበርና ከብት ይጾማል የሚለውን ሰሙ፣ እስከ ቀትር የሚለውን ሳይሰሙ ወደ መኪናዎ ገቡ። ከዚያም ለሠልጣኞቹ የአካባቢውን ባህል ማክበር የሥልጠናው አንዱ ምዕራፍ መሆኑን አስታውሰው፣ በሬው ጾመኛ ስለሆነ ድርቆሽ እንዳይገባለት አዘዙ። በእርስዎ ትእዛዝ የተነሣ ዳልቻ ከገዳም መናኞች ሁሉ የበለጠ ጾመ። አይ ባህል አክባሪ! የነነዌ ንጉሥ እንኳ ከብቱን ሲያስጾም እርሱም አመድ ላይ ተቀምጦ አብሮ ጾሟል። እርስዎ በዚያው ሳምንት በደብረ ማርቆስ ሆቴል ሠልጣኞቹን ከጎንዎ አስቀምጠው በያይነቱን ሲያገላብጡ እንደ ነበር ሰምተናል። የጾም ምግብ መሆኑን አልካድኩም።

ሁለተኛ፣ ለጋዙ ስላሳዩት ርኅራኄ። ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ የተከሉት የላስቲክ ድንኳን ትንፋሽ የማያወጣ፣ የማያስገባ ነበር፤ የየካቲት ፀሐይን ደግሞ ላስቲክ አይከልላትም። አንሙት ከመጀመሪያው ቀን ቀትር ጀምሮ አንድ ሸክም ሣርና አንድ ባልዲ ውኃ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ስልክ ደወለልዎ። በሩ ከተከፈተ ጋዙ ሾልኮ ይወጣል፣ ቁጥሩም ይበላሻል ብለው መለሱለት። በማግሥቱም ደወለ፤ ያንኑ መለሱለት። በሬው ውስጥ ሆኖ እንደሚጮህ ቢነግርዎ፣ ጩኸትም ጋዝ ስለሆነ በልኬቱ ይገባል አሉት ይባላል። ይህን ግን አንሙት ተናድዶ የጨመረው ሊሆን ይችላልና አልፈርድብዎም። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይላሉ አባቶቻችን፤ የእኛ ዳልቻ ግን ሣሩንም ሳያይ ነው ገደል የገባው።

ሦስተኛው ምስጋና ይከብደኛል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራነሽ ዳልቻን ልትቀበል አሞሌ ጨው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች፤ ጨው ይወድ ነበር። ልክ ሜዳው ላይ ስትደርስ ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። አንሙት ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወለም፤ ማጭዱን አንሥቶ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ዳልቻ በጉልበቱ ተንበርክኮ ምላሱ አፈር ነክቷል። ሥራነሽ ጨውን ከአፉ ብታስጠጋለት ሊልሰው አልቻለም፤ ውኃውንም አልፈለገም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ሳይባረክ ስለሞተ ሥጋው እርም ሆነብን፤ ቆዳውን ገፈን የቀረውን ለጅብ ተውንለት። ሥራነሽ ጨውዋን መልሳ ቋጥራ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ሽማግሌው፣ ለሰው ተስካር ሳዜም የኖርኩት ሰው፣ ለበሬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አራተኛ፣ ለድንኳኑ ስላደረጉት ተከራካሪነት። ዳልቻ በሞተ ሳምንት የቢሮዎ ደብዳቤ መጣ፤ እኛ የሐዘን መግለጫ መስሎን ቆመን ሰማነው። ለካ የፕሮጀክቱ ንብረት የሆነ ድንኳን ሆን ተብሎ ስለ መቀደዱ የተጻፈ ክስ ኖሯል። አንሙት በዚሁ ከጥበቃው ተባረረ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለውን ተረት ስንተርት የኖርን ሰዎች፣ ጅራፉ ማኅተም ይዞ ሲመጣ ያየነው ያኔ ነው።

አምስተኛውን ምስጋና እንኳን እኔ ሀገር ሁሉ ይጋራኛል። ከፋሲካ በኋላ የኅብረተሰቡ ተወካይ ተብዬ የልኬቱ ውጤት በሚገለጽበት በደብረ ማርቆሱ አዳራሽ በስተኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እርስዎ መድረኩ ላይ ወጥተው በግድግዳው ላይ በሚያበራው ምስል የዳልቻን ፎቶግራፍ አሳዩ። ያምር ነበር። ቀጥለውም ከእንግዲህ የተዋስነውን ቁጥር ለባለቤቱ መልሰን የራሳችንን ቁጥር ይዘን ለዓለም እንደምንቀርብ፣ ይህም ቁጥር ከፈረንጁ በሬ ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቆጠር መሆኑን አበሠሩ። አንድ ፈረንጅ አሠልጣኝ እጁን አውጥቶ እንዲህ ማነሱ ከምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ጥሩ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ነበረበት። እርስዎ ግን ሳይደናገጡ፣ የጎጃም በሬ ለዘመናት በችግር የተፈተነ ስለሆነ ሳይበላ ሳይጠጣ ለብዙ ቀናት መቆየትና ግሣቱን ሳይቀር መቆጠብ ተፈጥሮው መሆኑን አስረዱት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ በሬው እኮ ቆጣቢ ሆኖ ሳይሆን ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው ለማለት። ጥያቄ ከምሳ በኋላ ነው አሉኝ። ከምሳ በኋላ ግን የነበረው የቡድን ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ወይ ጉድ! ሊገባዎት ይገባል ክቡር አስተባባሪ፦ ባዶ ሆድ አያገሣም። ይህን ለማወቅ መሣሪያ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም ነበር። በሀገሪቱ ስም አስፍረው የላኩት ቁጥር የሀገሪቱ በሬ ቁጥር አይደለም፤ የሥራነሽ በሬ የሦስት ቀን ጣር ነው። ከደጋ እስከ ቆላ ያለው ከብት ሁሉ አሁን በዓለም ፊት የሚታወቀው በዳልቻ ረኀብ ተባዝቶ ነው። የተዋስነው የፈረንጅ ቁጥር ቢያንስ ከበላ በሬ የመጣ ነበር።

ስድስተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ የትኛው እንደ ሆነ ረሳሁት። አዎ፣ የምስክር ወረቀቱ። ሥራነሽ በሬ ይተካልኝ ብላ ያመለከተችውን ማመልከቻ ወደ መጪው ዓመት ዕቅድ አዛውረው፣ በምትኩ ለሀገር አቅም ግንባታ ስላደረገችው የላቀ አስተዋጽኦ በመስታወት የታቀፈ ወረቀት ላኩላት። ማንበብ ስለማትችል ለእኔ አመጣችልኝ፤ በሬ ይሰጡሻል ይል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይልም አልኳት። አሁን በበረቱ ምሰሶ ላይ፣ የዳልቻ ገመድ ይንጠለጠልበት በነበረው ችንካር ላይ ሰቅላዋለች። ቦራ በደረሰ ቁጥር ያሸተዋል፤ እንዳይበላው መስታወት አለበት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዛሬ ሰኔ ተጋምሷል፣ ዝናቡም ገብቷል፣ የጤፍ መሬት ደግሞ ደጋግሞ ካልታረሰ አረም እንጂ ጤፍ አያበቅልም። የሥራነሽ ማሳ፣ እንደ እኔው ሁሉ፣ እስካሁን አንድ ትልም አልወጣበትም። ጎረቤቱን ሁሉ ለምነናል፤ በዚህ ወቅት በሬውን ለሰው የሚሰጥ ማን አለ? ቦራን ብቻውን ከቀንበር ሥር ሳቆመው ከልማዱ የተነሣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ለዳልቻ ቦታ ይለቅለታል፣ ከዚያም ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔ ከዚያ በላይ ላየው አልቻልኩም፤ ፈትቼ ለቀቅሁት።

ሥራነሽ ያላት ቀን እስከ ሐምሌ አቦ ነው። እስከዚያ በሬ ካልተገኘ ማሳውን ከጉንደ ወይን ለመጣ ባለ ጥማድ ለእኩል ትሰጠዋለች፤ ከምርቱ እኩሌታው የእርሱ ይሆናል። የቀረው እኩሌታ ደግሞ ልጆቿን ለዳግመኛ መኸር አያደርስም። ይህ ሰው አሁን በየማለዳው አጥሯ ላይ ተደግፎ አፈሩን እያየ ይሄዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሬ ያለው ሰው ነው። ከእርስዎ የምንጠይቀው ሥልጠና አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። አንድ በሬ ነው። የበላ በሬ።

ነነዌን እግዚአብሔር የማራት ስለ ሰዎቿ ብቻ አይደለም፤ ስለ ከብቶቿም አዝኖ እንደ ሆነ በቃሉ ተጽፏል። እርሱ ለከብት ካዘነ፣ እርስዎም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሚያልፉበት ጊዜ ለጥቂት ቢያዝኑ ከክብርዎ የሚጎድል አይመስለኝም።

ዕድሜና ጤና፣ ከዚያም በላይ ለአንድ ቀን ቢሆን እንኳ የረኀብን ጣዕም ይስጥዎ እያልኩ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሣው፣ የአቅም ግንባታዎ የፍርስራሽ ምስክር፣ ዳልቻ ጎድሎበት በቀንበር ብቻውን የቀረው የቦራ ባለቤት፣

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ፈንታ
ቁይ፣ ሰኔ 2003 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለሁለተኛው ዙር ልኬት ከዳልቻ ጋር የሚመጣጠን በሬ፣ በተለይም ቦራ፣ እንዲላክልዎ መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ቦራ አይመጣም፤ እርስዎ ይምጡ። የቀንበሩ ግራ ወገን ባዶ ነው፣ ጅራፉም ከዳልቻ ቆዳ ተገምዶ ደርቋል። እስከ ሐምሌ አቦ በሥራነሽ ማሳ ላይ እንጠብቅዎታለን። ሣርና ውኃ ግን አናዘጋጅም፤ የጎጃም ፍጥረት ሳይበላ ሳይጠጣ መቆየት ተፈጥሮው መሆኑን ለዓለም ያስረዱት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎም የጎጃም ልጅ ነዎት።