ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ የጻፍኩት

ዝማሬ፣

ባለፈው ቅዳሜ ስለ መጽሐፍ ልትወያዩ ለመጡት ጓደኞችሽ «እማማ አረጋሽን ተዉአቸው፣ ይሄ መጽሐፍ ለእሳቸው ይከብዳል» ስትዪ ማድ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ፊደልም ከልጄ፣ ከአባትሽ ደብተር ላይ ቆጥሬያለሁ።

ፉሪ ለቅሶ ልደርስ ሄጃለሁ። ዛሬ ውኃ የሚመጣበት ቀን ነው፤ በርሜሉን ሙዪ። ምስሩን አሙቀሽ ብዪ።

ፍሪጁ ላይ በለጠፍሽው ዝርዝር «ስለ ሰው ባሕርይ፣ የግድ የሚነበብ» ያልሽውን ያንን መጽሐፍ አነበብኩት። ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ለራሱ ብቻ ነው የሚያስበው ይላል። ጸሐፊው ኮንዶሚኒየም ኖሮ አያውቅም። ጎረቤታችን መዝገቡ ውኃ ሲመጣ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ በር እየደበደበ «ውኃ መጣ! ተነሱ!» ይል የለም? እርግጥ መጀመሪያ የራሱን ሦስት በርሜል ይሞላል። ሰው ማለት ይኸው ነው። ለዚህ ሦስት መቶ ገጽ ምን አስፈለገ?

እናም ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ በእስክሪፕቶ «ውሸት» ብዬ ጽፌበታለሁ። የተዋስሽው መሆኑን ያየሁት ከጻፍኩ በኋላ ነው። በምራቅ ላጠፋው ሞከርኩ፣ ባሰበት።

ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ ስትወያዩ ሻይ አቅርቤ ማድ ቤት አልገባም። ወንበር አውጪልኝ፣ በሩ ጋ ሳይሆን መሃል። ያንን ቁም ሳጥን ላይ የሰቀልሽውን ወፍራሙን መጽሐፍ ደግሞ ዛሬውኑ አውርደሽ አልጋዬ ላይ አስቀምጪልኝ። ከእስክሪፕቶ ጋር።