ከእርሾው ክፍል ያልተለዩት እህታችን

እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እርሳቸው የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፤ ይህን ጽፌ የማነብላችሁ እኔ የመጨረሻው ነኝ፤ «እትዬ» እያልኩ አድጌያለሁ። ታሪካቸውን በወጉ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ለቅሶ ቤት «እናቷ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሲሉ ልጅት ሥራ ላይ ነበረች አሉ!» የሚል ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። አዎ፣ የእትዬ ልጅ ሥራ ላይ ነበረች። ለምን እንደነበረች ስሙኝ።

እትዬ በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው በላቦራቶሪ ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠሩ። የተመደቡት እርሾ ክፍል ነው። መድኃኒቱን የሚያመነጨው ሻጋታ ነው፤ ሻጋታው ግን በቀጥታ ትልቁ ታንክ ውስጥ አይጨመርም። መጀመሪያ በብልቃጥ፣ ቀጥሎ በአነስተኛ በርሜል ይራባል። እርሾ የሚሉት ይህን ነው፤ ሲደርስ ወደ ታንኩ ይሸጋገራል።

በጀማሪነታቸው ዘመን አንድ ስህተት ሠሩ። እርሾው ደርሶ ሳለ «ትንሽ ይወፍርልኝ» ብለው ምግብ ጨምረው አሳደሩት። እንደ ሊጥ ወፈረ፤ ደስ አላቸው። ታንክ ውስጥ ሲገባ ግን ሻጋታው እየተድበለበለ ሰባ እንጂ መድኃኒቱ ጠብ አላለም። ያ ሁሉ ተደፋ። ኃላፊያቸው የነበሩት ሴትዮ «ልጄ፣ እርሾ መልኩ አያታልልሽ፤ ከሰባ በኋላ አይሠራልሽም» አሏቸው። እትዬ ቤት መጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ እርሳቸው በማይክሮስኮፕ ሳያዩት የተሸጋገረ እርሾ የለም። ቢቸኩሉ አቅም የለውም፤ ቢዘገዩ ያልፍበታል። ባልደረቦቻቸው «እማማ እርሾ» ይሏቸው ነበር። እኛንም ሲያሳድጉ ከእርሾው አልለዩንም፤ ሳህናችንን ድጋሚ ስንዘረጋ «ጠግበህ ማን ይማርልሃል?» ይሉን ነበር።

የፋብሪካውን የቧንቧ ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በጊዜ አረፉባቸው። ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ጡረታ ሲወጡ የእርሾውን ክፍል የተረከበችው እርሷ ናት። ያን ዕለት እትዬ እንደ ሙሽራ ለብሰው መጡ።

ከዚያ ጉበታቸው ታመመ። ልጃቸው ፈቃድ ወስዳ አስታመመቻቸው፤ አጠበች፣ አገላበጠች፣ አጎረሰች። ይህን ያየ ማንም አላወራውም! ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከፋብሪካው ተደወለ። እርሷ በሌለችበት ሁለት ታንክ ተከታትሎ ከሽፏል፤ ሆስፒታሎች መድኃኒቱ አልቆባቸው ይጠብቃሉ፤ አዲሱ እርሾ ወደ መድረሱ ነው፣ መቼ እንደሚሸጋገር ግን ተተኪዎቹ ግራ ገብቷቸዋል። ልጅቱ «ሞቼ እገኛለሁ፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች። እትዬ ናቸው ከትራሳቸው ቀና ብለው «እርሾው ያልፍበታል፤ የታመመ ሰው እየጠበቀ ነው። ተነሽ!» ያሏት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አለቀሰች፣ ሳመቻቸው፣ ሄደች።

ከቀትር በኋላ ትንፋሻቸው አጠረ። «አሸጋገረች?» አሉኝ፤ ደግመው ጠየቁኝ። ደወልኩ። አሸጋግራ እየተመለሰች ነበር። ስነግራቸው «እሰይ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ልጃቸው በሩን ስትከፍት እጃቸው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እትዬ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው፣ እኔና ሁለት እህቶቻችን ያለ እርሳቸው ቀርተናል። አንጀታችን ተቆርጧል።

አንቺ ልጅ፣ ቀና በይ፤ የላኩሽ እርሳቸው ናቸው። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በደግ ማረፊያ ይቀበልልን። ላንቺ እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ለእኛም ምላሳችንን የምንሰበስብበት ልቡና ያድለን።