ነፋሱን ከግድግዳ ጀርባ ለሚለኩልን ክቡር ኃላፊ

ለክፍለ ሀገሩ የባሕርና የአየር ጠባይ ትንበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤናና ለቢሮዎ መስኮቶች ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በቅድሚያ አቀርባለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ከባሕሩ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ በሁለት ተራራ ተከልሎ የተሠራ በመሆኑ ነፋስ እንደማይመታዎ፣ ጉንፋንም እንደማይደፍርዎ አምናለሁ፤ በዚህም ከልቤ ደስ ይለኛል። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ስሜ ቬኔራንዳ ታፔል ይባላል፤ ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ነው፤ በቢናታግ መንደር፣ ባሕሩ ዳር፣ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ እየሸጥሁ ኖሬአለሁ። መዝገብዎን ቢያገላብጡ «ያለ ፈቃድ የአየር ትንበያ የምትሰጥ ግለሰብ» በሚል ርዕስ ሥር ያገኙኛል። ይህን ደብዳቤ ለሁሉም ግልጽ አድርጌ የምጽፈው፣ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸውን አራት ደብዳቤዎች ሠራተኞችዎ እንዳይረብሹዎ ብለው ሳይከፍቱ ያስቀመጧቸው ስለመሰለኝ፣ የዚህን የመክፈት ድካም ልቀንስላቸው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳዬ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ እየተነሣሁ፣ ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት በተሰቀለ ሰሌዳ ላይ የዕለቱን ባሕር በጠመኔ እጽፍ ነበር፤ ማዕበሉ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ ወይም ከጭንቅላት በላይ መሆኑን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ በጣውላ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱት ማዕበል ጋላቢዎቹም በስንት ሰዓት ከውኃው መውጣት እንዳለባቸው። አሚሃን የምንለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስባቸው ወራት የእኛ ባሕር ጧት ጧት መስተዋት ነው፤ ረፋድ ላይ ግን ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ባሉት ሁለት ኮረብቶች መካከል ሾልኮ ይገባና የማዕበሉን አናት ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ማዕበሉ በሚሰበርበት በውጩ ዐለት ላይ የተገኘ ሰው ለብቻው ነው። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴም ፈቃድ አልነበረውም።

አብሮኝ የሚነሣ አንድ ሰው ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ኦኔሲሞ፣ መንደሩ በአጭሩ ሲሞ የሚለው። እርሱ አላገባም፤ እኔም ባሌን የቀበርሁት ልጅ ሳላፈራ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖር ነበር። ሥራው ማዕበል ጋላቢዎችን በጀልባው ወደ ውጩ ዐለት ማድረስና መመለስ ነበር። እኔ ሰሌዳው ላይ «እስከ ደረት» ብዬ ስጽፍ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ በእኛ ዘንድ ታላቅ ሴት «ማናይ»፣ ታላቅ ወንድ «ማኖይ» ይባላል።

«ማናይ፣ ይሄ ወገብ ነው።»

«ደረት ነው አልኩህ!»

«አንቺ አጭር ስለሆንሽ ነው'ኮ። ለሰው ልጅ ወገብ ነው።»

ይህ ሙግት ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጧት ሳይታጎል ተካሂዷል። እንደ እኔ ግምት እርሱ ትክክል የነበረው ሁለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለት ወጣት ሠራተኞችዎ መጥተው ሰሌዳውን በትሕትና ነቀሉት፤ ባለ ሦስት ገጽ ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ። አሁን በመሥሪያ ቤትዎ ምግብ ቤት ተሰቅሎ የምሳ ዝርዝር እንደሚጻፍበት ሰምቻለሁ። ከባሕር ወደ ምሳ ማደጉ ሹመት ነውና እንኳን ደስ ያለው።

ሁለተኛ፣ በሰሌዳው ፈንታ ላቆሙልን ትልቅ ስክሪን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አረንጓዴ ሲሆን እንገባለን፣ ቢጫ ሲሆን እንጠነቀቃለን፣ ቀይ ሲሆን እንወጣለን፤ ማንበብ የማይችል እንኳ ይገባዋል። ለስክሪኑ ወሬ የሚያቀብለውን የነፋስ መለኪያ የእርስዎ ባለሙያ የተከለው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩና ከወጥ ቤቱ ግድግዳ መካከል ነው። በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ፦

«ልጄ፣ እዚህ እኮ ነፋስ የለም» አልሁት።

«አውቃለሁ፣ ማናይ» አለኝ ብሎኑን እያጠበቀ። «ባሕሩ ዳር ብተክለው ግን ነፋሱ ይሰብረዋል።»

እንግዲህ የነፋስ መለኪያው ነፋስ እንዳይጎዳው ነፋስ በሌለበት ተተከለ፤ ቢናታግም ከዚያን ቀን ጀምሮ በታሪኳ አይታ የማታውቀውን ጸጥታ አየች። የጎረቤቴ ጣሪያ ቆርቆሮ ተገንጥሎ መንገድ ባቋረጠበት ዕለት እንኳ ስክሪኑ «ቀላል ነፋስ» ይል ነበር፤ ስለ ጽናቱ አድንቄዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ባለ ጀልባዎቻችን እንዳይሰንፉ ስላወጡት ደንብ ነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የተመዘገበ እንግዳን አልወስድም ያለ ባለ ጀልባ ፈቃዱ ለአንድ ወር ይታገዳል፤ በሦስተኛው ጊዜ ለሁልጊዜው ይሰረዛል። ሲሞ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ሁለት ጊዜ ታገደ። በእነዚያ ወራት ከተገለበጠው ጀልባው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለውን መረብ ሲጠግን ይውል ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ለጊዜው ልተወው፤ ቀጥሎ ያለው በቁጥር አይሄድልኝም።

በጥር ወር በሦስተኛው ማክሰኞ ጧት ደመናው ከምሥራቁ ኮረብታ ጫፍ ላይ እንደ ጥጥ ይባዘት ነበር፤ የባሕር ወፎችም ሁሉ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከማኒላ የመጡ ሁለት እንግዶች፣ ሚካ የምትባል ወጣትና እጮኛዋ፣ የሰርፍ ጣውላዎቻቸውን ታቅፈው መጡ።

«ማኖይ ሲሞ፣ አረንጓዴ ነው'ኮ!» አለ እጮኛዋ ወደ ስክሪኑ እያመለከተ። «እኛ ደሞ ነገ ተመላሾች ነን።»

ሲሞ የባሕር ወፎቹን አየ። እኔ ጠጋ ብዬ፦

«ዛሬ አትውጣ» አልሁት።

«አይቻለሁ ማናይ።»

«ካየህ ታዲያ?»

«ታዲያማ ይሄ ሦስተኛው ነው።» ጀልባውን ወደ ውኃው መግፋት ጀመረ። «አንድ ሰዓት ብቻ። ነፋሱ ሳይነቃ ቀድሜው እመለሳለሁ።»

«ከጭንቅላት በላይ ነው፣ ሲሞ!»

ዞር ብሎ ባሕሩን አየና «አዎ፣ ዛሬስ ያልሽው ነው» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ መፍራት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይከራከረኝ የሄደበት ጧት ያ ብቻ ነው።

ነፋሱ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ነቃ። ከደጄ ቆሜ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሲሆን አየሁና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሮጥሁ። የፊት በሩ ወደ ባሕር የሚመለከት ስለሆነ ገና እጀታውን ስነካው ነፋሱ በረገደው፤ ለመዝጋት ግን ተረኛው ጸሐፊ ተነሥቶ አገዘኝ።

«የነፍስ አድን ጀልባው ይውጣ!» አልሁት። «ሦስት ሰው ዐለቱ ላይ አለ!»

አንገቱን አስግጎ የጠረጴዛውን ስክሪን አየ። «ማናይ፣ አረንጓዴ ነው'ኮ የሚለው። ቀይ ካልሆነ ጀልባ ባስወጣ እጠየቅበታለሁ።»

«በሩን አሁን አብረን አይደል እንዴ የዘጋነው?»

«አውቃለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «አውቃለሁ፣ ማናይ። እስቲ ልደውል።»

የደወለው ወደ እርስዎ ቢሮ ነበር። ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተነገረው። ይህን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም፤ ስብሰባው መልካም ውጤት አስገኝቶ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። በመጨረሻ ያ ምስኪን ጸሐፊ «የፈለገው ይምጣ!» ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ሮጠ፤ ስለ ድፍረቱም በማግሥቱ ከሥራው ታገደ።

ዐለቱ ላይ የሆነውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሚካን ከጣውላዋ ጋር የሚያስተሳስረው የቁርጭምጭሚት ገመድ ተበጥሶ ማዕበሉ ጣውላውን ወሰደባት። ሲሞ ጀልባውን ትቶ ዘለለ፤ ዋኝቶም ደረሰባት፤ እየጎተተ ወስዶ በእጮኛዋ ጣውላ ላይ አስተኛትና ሁለቱንም ወደ ደቡቡ አሸዋ ወደሚወስደው ጅረት ገፋቸው። «ወደ ኋላ አትዪ! ቅዘፊ!» ያላት የመጨረሻው ቃሉ ነበር። ሰው አልባ የሆነው ጀልባ ዐለቱ ላይ ተገልብጦ ተሰበረ፤ እርሱም የሚመለስበት አጣ። ልጆቹ በሕይወት ተገኙ። ወንድሜን በሦስተኛው ቀን የጎረቤት መንደር ዓሣ አጥማጆች አመጡልኝ።

አራተኛ፣ ወደ ቁጥሬ ስመለስ፣ አጣሪዎችዎ ስላዘጋጁት ሪፖርት አመሰግናለሁ። «ትንበያው ቀላል ነፋስ ብሏል፤ መለኪያውም ቀላል ነፋስ መዝግቧል፤ ስለሆነም ትንበያው ትክክል ነበር። የአደጋው ምክንያት የባለ ጀልባው ስህተት ነው» ይላል። ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም እንከን የለበትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው፣ ሁለት ሰው ከሞት አውጥቶ፣ በቀላል ነፋስ ሞተ ማለት ነው። በመቃብሩ ላይ ግን ይህን ለማጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አምስተኛ፣ ከአደጋው በኋላ ለጥንቃቄ ሲባል ስክሪኑን ቀይ አድርገውት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአሥር ወራት ሳይለወጥ ቀይ ሆኖ ቀርቷል። ሐይቅ የመሰሉ ጧቶች አልፈዋል፤ ማንም አልገባባቸውም። እንግዳ ቀረ፤ ባለ ጀልባዎቹ ጀልባቸውን በጭነት መኪና ጭነው ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ሄዱ፤ ክፍል አከራዮቹ መስኮቶቻቸውን በሳንቃ ቸነከሩ፤ ጎረቤቴም ልጇ ዘንድ ገባች። አሁን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ አሸዋው መጨረሻ ደጇን የምትከፍት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬም ጎህ ሲቀድ እነሣለሁ፤ ባሕሩን አይቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ደረት!» እላለሁ፤ ቆሜም ትንሽ እጠብቃለሁ። ወገብ ነው የሚለኝ የለም። ማንም የማይከራከረው ቁጥር ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነ ለቢሮዎ ማስረዳት ይከብደኛል፤ ነገር ግን ከማንም በላይ ሊገባው የሚገባው እርሱ ነበር።

ባለፈው ወር ሚካ ብቻዋን መጣች። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ፊቷን ማየት አልፈለግሁም፤ ጀርባዬን አዙሬ ዓሣ ማገላበጥ ያዝሁ። እርሷም አልሄደችም፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እምቢ ሊለን ነበር'ኮ፣ ማናይ» አለች። «እኛ ነን የገፋፋነው። ፈቃዱ እንደሚሰረዝ አላወቅንም።»

«ለአጣሪዎቹ ይህን ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠይቆኝ? አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

ያን ጊዜ ዞርሁና አየኋት። ወንድሜ ከባሕር ያወጣት እርሷን መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ሩዝና ዓሣ አቀረብሁላት። ሁለት ቀን ቆየች፤ ቤቱም ሁለት ቀን የሰው ኮቴ ሰማ። ከመሄዷ በፊት ያየችውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፋ ፈረመችበት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ቅጂውንም በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በገበያውና በአውቶቡስ ማቆሚያው ለጥፌአለሁ፤ ያለ ፈቃድ።

ወንድሜን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም፤ ከሥልጣንዎ በላይ ስለሆነ ላስቸግርዎ አልፈልግም። የምለምነው መለኪያው ነፋስ ወዳለበት እንዲዛወር፣ ባለ ጀልባ «አይሆንም» ማለት እንዲፈቀድለት፣ ከሪፖርቱም «የባለ ጀልባው ስህተት» የሚሉት ቃላት እንዲሰረዙ ነው። ሦስቱም ከበዙብዎ የመጨረሻውን ብቻ ያድርጉልኝ፤ ለዚህ አንድ ብዕር ይበቃል፤ ብዕር ከጠፋም እልካለሁ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ጣሪያዎን ነፋስ አይንካብዎ፤ የሚያማክሩዎት ሁሉ ሁልጊዜ የሚስማሙልዎ አለቃ ሆነው ረጅም ዕድሜ ይኑሩ እያልሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የሲሞ እህት
ቬኔራንዳ ታፔል
ቢናታግ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ የስክሪኑ ቀይ መብራት እንዳይደክም የሚፈትሽ ባለሙያ ልከውልን ነበር። ፈትሾ ደህና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ የራሱን የሰርፍ ጣውላ አወጣና ወደ እኔ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማናይ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚያስኬደው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እስከ ሦስት» አልሁት። ከቀዩ መብራት ሥር አልፎ ገባ፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረውም ወጣ፤ ነፋሱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ስሙን አልነግርዎትም። እስኪወጣ ድረስ ግን ዓሣውን ምድጃ ላይ ትቼ ባሕሩ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት፤ ዓሣው አረረ።